ወቅቱ ይለፍና

በልጅነቴ ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ ‹ተጨማደደ› የሚለውን ያህል የምወደው አልነበረም። በእኛ ቤት የመጨረሻው ምስጋና እሱ ነበር። አያቴ አንድ የወይን ፍሬ ከማስጫው ላይ አንስታ፣ በሁለት ጣቷ ጨመቅ አድርጋ «እዩት እስቲ፣ እንዴት አምሮ ተጨማደደ!» ስትል የሁላችንም ፊት ይፈካ ነበር። ስለዚህ አንደኛ ክፍል በገባሁ ሰሞን አስተማሪያችን፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ሴትዮ፣ ደብተሬን ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ ፊታቸውን በቅርብ አየሁና ከልቤ «እትዬ፣ እንዴት አምረው ተጨማድደዋል!» አልኳቸው። ያን ቀን ጥግ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ቤት ገብቼ ስናገር አያቴ በንዴት ጦፈች፤ የተናደደችው ግን በእኔ አልነበረም። «ምስጋና የማታውቅ! ልጅቷን ለደግ ቃሏ ታስቆማታለች? ሴትዮዋ እርጥብ ናት ማለት ነው» አለች። ከ‹እርጥብ› የከፋ ስድብ አያቴ አታውቅም።

ዛሬ የምሠራው የፊት ቅባት በሚሸጥ መደብር ውስጥ ነው። ሴቶች እየመጡ መስታወት ፊት ይቆሙና ዓይናቸው ሥር ያለችውን መስመር ያሳዩኛል፤ እኔም አዝኜላቸው ትንሽ ብልቃጥ እሸጥላቸዋለሁ። አያቴ ይህን ሳታይ መሞቷ ለሁለታችንም ጥሩ ነው።

እኛ ፍሬ አድራቂዎች ነበርን። ቤታችን ሦስት ነገር ነበረው፤ ከታች ሱቅ፣ መሐል ላይ የምንኖርባቸው ክፍሎች፣ ከላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ሰገነት። ሰገነቱ ላይ ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት የተሠሩ ማስጫዎች በረድፍ ይደረደራሉ። በእነሱ ላይ ኮክ፣ ፕሪም፣ በለስ፣ ወይን፣ ቲማቲም እንደየጊዜው ይሰጣል። ፀሐይ የፈቀደችውን ያህል ከተሰጣ በኋላ በእንጨት ሳጥን ታሽጎ ይከርማል። ቤቱን የምታዘው አያቴ ናት፤ የምታዝ የሚመስለው አባቴ ነው። እናቴ ሱቁ ውስጥ ትሸጣለች። ሥራውን የምትሠራው ግን የአባቴ ታናሽ እህት ነበረች፤ ሁላችንም እታለም የምንላት።

ሌላው ሰው ‹ደረቀ› ብሎ የሚገላገለውን ነገር እኛ ቤት በአንድ ቃል መገላገል አይቻልም ነበር። ፍሬ መጀመሪያ ይጠወልጋል፤ ይሄ የሚያኮራ ነገር አይደለም፣ መንገድ ዳር የተጣለ ቅጠልም ይጠወልጋል። ከዚያ ጠፈፍ ይላል። ጠፈፍ ያለ ፍሬ ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ ስለሆነ አያቴ «ሌባ» ትለዋለች። ቀጥሎ ይሸበሸባል፣ ይኮማተራል፣ ከታደለ ይጨማደዳል። ፀሐይ ካበዙበት ክው ይላል፤ ያ ደግሞ ጥርስ ከመስበር ሌላ ጥቅም የለውም። በተኮማተረና በተጨማደደ መካከል ያለው ልዩነት የግማሽ ቀን ፀሐይ ነው። ተኮማትሮ ሳለ ሳጥን ውስጥ የገባ አንድ ፍሬ ሳጥኑን በሙሉ ያሻግታል። ሰው ሁሉ «በደረቅ ዳፋ እርጥብ ይነዳል» ሲል እኛ ቤት ተረቱ ተገልብጦ «በእርጥብ ዳፋ ደረቅ ይሻግታል» ነበር የሚባለው። እኔ ትክክለኛውን የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ያኔም ተራቾቹ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር።

ያቺን የግማሽ ቀን ልዩነት በጣቷ የምታውቅ በቤቱ ውስጥ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እታለም ፍሬውን መዳፏ ውስጥ ታስገባና ጨብጣ ትይዛለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ጣቶቿን ትከፍታለች። ፍሬው ቀስ ብሎ ወደ ቅርጹ ከተመለሰ «ደርሷል» ትላለች። አያቴ ያን ጊዜ ብቅ ብላ አንዱን ታነሳና «እንዴት አምሮ ተጨማደደ!» ትላለች። የአያቴ ጣቶች ራሳቸው ክው ካሉ ቆይተዋል፤ ድንጋይና ዘቢብ ቢሰጧት አትለይም። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። የሚያውቁት አዋቂዎቹም አይናገሩም።

እኔ እታለምን የቤቱ ልዕልት አድርጌ ነበር የማያት። ምክንያት ነበረኝ። እታለም ሳህን አታጥብም፣ ልብስ አታጥብም፣ ወለል አትወለውልም። እጇን ውሃ ሲነካት አያቴ «ተይ ልጄ፣ ተይ!» ብላ ከእጇ ትነጥቃለች፣ የተነጠቀው ሥራም እናቴ ላይ ይወድቃል። ማታ ማታ አያቴ የእታለምን እጆች ጭኗ ላይ አስቀምጣ በዘይት ታሻታለች፤ እያንዳንዱን ጣት ለብቻው፣ በቀስታ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እቀና ነበር። እኔን አያቴ እንዲህ አሽታኝ አታውቅም። ከሁላችንም የተሻለው አልጋም የእሷ ነበር፤ ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው ደረጃ ሥር፣ ብቻውን፣ መጋረጃ ተጋርዶለት።

አልጋው እዚያ የተቀመጠው ሌሊት ዝናብ ከጣለ ቀድማ እንድትደርስ ነው። ዘይቱም ጣቶቿ እንዳይሻክሩ ነበር፤ ልብስ ሰፊ መቀሱን እንደሚቀባ ማለት ነው። ያኔ ግን ይህን ያህል ፍቅር ያለበት ቤት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እናቴ ብቻ አንዳንድ ጊዜ ሳህን እያጠበች «ንግሥቲቱ ዛሬ እንዴት ዋለች?» ትላት ነበር። እታለምም «እንደተሰጣሁ ዋልኩ» ብላ ትመልስላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ፤ እኔም ሳይገባኝ እስቅ ነበር።

ሌላ ልማድ ነበረን። እንግዳ መጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ተሰናብቶ፣ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሁላችንም ወደ አያቴ እናያለን። አያቴ ፍርዷን ትሰጣለች። ሰው የምትለካው በዚያው በፍሬው ቃል ነው። «ጠፈፍ ያለ ነው፣ አትመኑት።» «ምስኪን፣ ከሚስቱ ወዲህ ኮስምኗል።» «ይሄማ ነቅዟል፣ ቢያራግፉት ዱቄት ነው።» እታለምን ሊያገቡ የመጡትም ሁሉ በዚሁ መንገድ ተለክተዋል። አንድ አስተማሪ መጥቶ «ለጋ ነው፣ ሳምንት አይቆይም» ተባለ። አንድ ባለ ሱቅ መጥቶ «ክው ብሏል፣ ፍሬ የለውም» ተባለ። ማንም ግን ‹አንሰጥህም› አልተባለም። እኛ ጨዋዎች ነን። አባቴ እያንዳንዱን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ እስከ በር ይሸኘውና «መቼም ደስ ይለናል። ብቻ ወቅቱ ይለፍና» ይለዋል።

ወቅቱ አያልፍም። ኮክ ሲያልቅ ፕሪም ይገባል፣ ፕሪም ሳያልቅ በለስ ይደርሳል፣ ከበለስ በኋላ ወይን፣ ከወይን በኋላ ቲማቲም። ቲማቲሙ ሲወርድ ሳጥን መፈተሽ አለ፣ ከዚያ የተቀደደ ወንፊት መጠገን፣ እሱ ሲያልቅ ኮኩ አብቧል። አስተማሪው ሁለት ወቅት ጠብቆ ሌላ አገባ። ባለ ሱቁ አንድም አልጠበቀም። አያቴ «አላልኳችሁም?» አለች። እኔም አክስቴን ከነቀዘና ከለጋ ሰው የሚጠብቅላት ቤተሰብ ስላላት ኮራሁላት።

ከዚያ በረዶው መጣ። ስሙ ይህ አልነበረም፤ እኛ ነን ያወጣንለት። ሰውዬው ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራየና በሩ ላይ ‹ፍሪጅ ይጠገናል› ብሎ ጻፈ። ለእኛ ቤት ይህ የጦርነት አዋጅ ነበር። አያቴ ፍሪጅ የሚባለውን ነገር ከውሸት ለይታ አታየውም። «ቅዝቃዜ ያታልላል እንጂ አያቆይም። ሶኬቱን ንቀሉትና ጉዱን እዩ!» ትላለች። አባቴ ደግሞ አንድ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍሪጅ ገዝቶ ዘቢብ የሚበላ እንደሚጠፋ ያምን ነበር።

በረዶው መጀመሪያ ዘቢብ ሊገዛ መጣ። በማግሥቱም መጣ። ከዚያ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መምጣት ጀመረ።

«ፍሪጃችሁ እንዴት ነው? ድምፅ ያሰማል?» አለ አንድ ቀን፣ ዓይኑ ደረጃው ላይ።

«ፍሪጅ የለንም» አለ አባቴ።

«አዪዪ። እንግዲህ ሲኖራችሁ ብዬ ነው።»

በሳምንቱ ተመልሶ «ገዛችሁ እንዴ?» አለ። እናቴ ሚዛኑ ላይ ተደፍታ ሳቋን ዋጠች። በዚያን ቀን የወይን ሳጥን ወደ ሰገነቱ የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ ነበርና በረዶው ቦርሳውን አስቀምጦ «እኔ ላውጣው» አለ። ነፃ ጉልበት አባቴን ያሸንፈዋል። «እስቲ አውጣው» አለ።

ማታ ራት ላይ አዋቂዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። እታለም ሰገነቱ ላይ ሳጥን እየቆጠረች ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ለዘቢብ አይደለም የሚመላለሰው» አለች አያቴ።

«አውቃለሁ እማዬ» አለ አባቴ።

«ይወስድብናል! ነግሬሃለሁ። ከወሰደብን ደግሞ ይሄ ቤት አለቀለት። ምን ይዘን እንቀራለን?»

እናቴ ሳህኑን ከሚገባው በላይ ጮክ አድርጋ አስቀመጠች።

እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በረዶው ሰላይ ነው። የማድረቅን ምስጢር ሰርቆ ፍሪጆቹ ውስጥ ሊከት ነው የመጣው። ስለዚህ በመጣ ቁጥር ተከትዬው ሰገነት እወጣና ማስጫዎቹ መካከል ቁጭ ብዬ እጠብቀው ጀመር። አያቴም «ጎበዝ ልጅ፣ አጠገባቸው ሁኚ» አለችኝ። ለአገር የተሾምኩ መሰለኝ።

ሰገነቱ ላይ የፀሐዩ ሙቀት በጫማ ያልፋል። ወይን ሲሰጣ ሽታው ከጣፋጭነት አልፎ ወደ ማስከር ይጠጋል፣ ተርቦቹም ሰክረው እየተጋጩ ይበራሉ። በረዶው ሳጥኑን ያወርድና ላቡን ይጠርጋል። እታለም ትንሽ ውሃ ትሰጠዋለች። ከዚያ ምንም የማይረባ ነገር ያወራሉ። እሱ ስለ አንድ ስጋ ሻጭ ማቀዝቀዣ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች። እሷ ከየት በኩል ያለ ደመና ውሸታም እንደሆነ፣ ከየት በኩል ያለው እንደማይምር ትነግረዋለች፣ እሱ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ምስጢር የሚባል ነገር አልሰማሁም፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የተጠራጠርኩት።

አንድ ቀን ግን ዓይኔ እያየ ሆነ። እታለም አንድ ፍሬ ከማስጫው አነሳች፣ የበረዶውን መዳፍ ዘርግታ መሐሉ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቹን በገዛ ጣቶቿ አጠፈችና «አሁን ዓይንህን ጨፍን» አለችው። እሷም ጨፈነች። እንደዚያው ሆነው ቆዩ። ፍሬ ለመፈተሽ ያን ያህል አይፈጅም።

በደረጃው እየበረርኩ ወረድኩ። «ምስጢሩን አሳየችው! እጁን ይዛ አሳየችው!»

አባቴ ክው አለ። አያቴ ደረቷን ያዘች። እኔ ያኔ ቤቱን ያዳንኩ መሰለኝ። የተሸለምኩት ነገር ባይኖርም በዚያ ሳምንት ማንም ሳህን አድርቂ አላለኝም።

በረዶውም እንደ ተያዘ ሰው ሳያፍር በማግሥቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣና አባቴ ፊት ቆመ። እኔ መጋረጃው ኋላ ነበርኩ። የተናገረውን ከፊሉን ነው የሰማሁት፤ «በክብር»፣ «እሷም ፈቅዳለች»፣ «እርስዎ እንደ አባት» የሚሉትን። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «መቼም ደስ ይለናል። ብቻ ወቅቱ ይለፍና።»

«የትኛው ወቅት ጋሼ?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆ አያውቅም። አባቴ ተደናገረ። «የ… የወይኑ።»

«እሺ። እጠብቃለሁ።»

ወይኑ አለፈ። በረዶው መጣና «ወይኑ አለፈ ጋሼ» አለ። «ቲማቲሙስ?» አለ አባቴ። ቲማቲሙም ሲያልፍ መጣ። ኮኩ ሲያልፍ መጣ። ፕሪሙም ሲያልፍ መጣ። ይሰለቻል ተብሎ ነበር የተጠበቀው፤ ሰውዬው ግን በመጣ ቁጥር ፊቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር። አያቴ ታመመች ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ጠፋባት። «አይነ ደረቅ! አይጠወልግም እንዴ ይሄ ሰውዬ?» አለች በሩ ሲዘጋ።

«በረዶ ቤት የሚውል ምን ይጠወልጋል?» አለች እናቴ። አባቴ ተቆጣት። እኔ ግን አያቴ እርጥቡን ሰውዬ ‹ደረቅ› ብላ ያመሰገነችው ለምን እንደሆነ እያሰብኩ ዋልኩ።

በለሱ ሳያልቅ አንድ ቀን ምሳ ላይ እታለም ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሷ ማዕድ ላይ ብዙም አትናገርም ነበር።

«ጋሼ» አለች አባቴን፣ «በዚህ ወይን ወቅት ካልሄድኩ መቼም አልሄድም። ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ቤቴን መዝጋትና መክፈት እፈልጋለሁ። ጊዜዬ እያለፈ ነው።»

«ማን አትሂጂ አለሽ እቴ? ከወይኑ በኋላ ብዬዋለሁ።»

«ዓምናም ከወይኑ በኋላ ብለኸው ነበር።»

አያቴ እጇን ወደ ላይ አነሳች። «ምን አጎደልንብሽ? እስቲ ንገሪኝ! አንድ ቀን እጅሽን ውሃ አስነክተንሽ እናውቃለን?»

እታለም እጆቿን አየቻቸው። ለስላሳና ነጣ ያሉ ነበሩ፤ ፊቷ ግን በፀሐይ ጠቁሮ፣ ዓይኖቿ ዙሪያ ተሸብሽቦ ነበር። የእኔ ቢጤ ቅባት ሻጭ ብታያት እጅና ፊቷ የአንድ ሰው ናቸው ብላ አታምንም። «አይ፣ አላስነካችሁኝም» አለችና ተነስታ ወደ ሰገነት ወጣች። እኔ ምስጋና ቢስ ናት ብዬ ተናደድኩባት። ማንም ሰው እጄን በዘይት ቢያሸኝ ኖሮ የትም አልሄድም ነበር።

የወይኑ ወቅት ሲጋመስ፣ ሰገነቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሳለ፣ እታለም አንድ ቀን ማለዳ ተነስታ የነበረውን ሁሉ አሰጣች። ጥላ ሥር የሚቆየውን አወጣች፤ በሳጥን የታሸገውን ሳይቀር «አየር ይንካው» ብላ ከፈተች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አባቴ ወጥቶ አይቶ እጆቹን አፋተገ። «አየሽ? ልቧ ተመለሰ! ተናግራ ወጣላት» አለ ለአያቴ። አያቴም «ልጄ መቼም ከቤቷ አትወጣም» አለች።

ከምሳ በኋላ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ወደ መንገድ ሳይ በረዶውን አየሁት። ሱቁን ዘግቶ፣ ያቺን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በጠራራ ፀሐይ ትልቅ ጃንጥላ አጥፎ በእጁ ይዞ ቆሟል። ሳቄ መጣ። ሮጬ ገብቼ «በረዶው አብዷል! በፀሐይ ጃንጥላ ይዟል!» አልኩ። አባቴም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ መጀመሪያ መንገዱን አየች፣ ከዚያ ደረጃውን።

እታለም ከደረጃው ወረደች። የመንገድ ጫማዋን አድርጋለች፣ በእጇ አንዲት ቦርሳ ይዛለች።

«ወዴት?» አለ አባቴ።

«ልሄድ ነው ጋሼ። መርቁኝና ልሂድ።»

እንዲያ ዓይነት ጩኸት ከዚያ በፊት በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም። አያቴ እዬዬዋን አቀለጠችው። «ገደለችኝ! ያሳደግኳት ልጄ ገደለችኝ!» አባቴ ሮጦ የሱቁን በር ዘጋ፣ መቀርቀሪያውን ወርውሮ ጀርባውን ለጠፈበት። «እኔን ረግጠሽ ነው የምትወጪው! ከወርቅ ብትሠሪ እንዲህ አንወድሽም! አንቺ የሌለሽበት ቤት ምን ቤት ነው? ነፍሳችን ነሽ እኮ!» እያለ ያለቅስ ጀመር። እውነቱን ነበር የሚያለቅሰው፤ እንባው አገጩ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። እኔም እያየሁት አለቀስኩ። እታለም ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ትሰማለች፤ እኛን የምትሰማ ነበር የመሰለኝ።

ነጎድጓዱ ከሩቅ ተሰማ።  ሁላችንም ወደ ጣሪያው አየን። ሱቁ ጨለም አለ፤ በመስኮቱ በኩል የአቧራ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ፣ ቀጥሎም የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም ጠብታዎች ውጭ ያለውን ቆርቆሮ መቱት።

በእኛ ቤት ዝናብ ሲመጣ የሚጠየቅ ነገር የለም። የታመመ ይነሳል፣ የተጣላ ይተወዋል፣ ሕፃን የተሸከመ ሕፃኑን ያስቀምጣል። እኔ ራሴ ትንሽ ሆኜ ሁለት ጊዜ እንዲህ ተቀምጫለሁ ይባላል። አያቴ ጉልበቷ አልታጠፍ ካላት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ያን ቀን ግን እዬዬዋን መሐል ላይ አቋርጣ ከሁላችንም በፊት ደረጃው ላይ ደረሰች። «ሸራውን! ሸራውን!» ትላለች። እኔም ተከተልኳት፤ ከሁሉ ጨዋታ የምወደው ይህንን ነበር።

ዞር ስል አባቴ ገና በሩ ላይ ነበር። እህቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና እህቱን አየ። እታለምም ታየዋለች። አስተያየቷ አንድ ቃል የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር፤ ከማን እንደምትጠብቅ ግን አልገባኝም። ከዚያ አባቴ «እቴ፣ እዚሁ ጠብቂ፣ ንግግራችንን አልጨረስንም!» አለና በደረጃው እየዘለለ አለፈኝ። መጨረሻ የመጣችው እናቴ ናት። ከመውጣቷ በፊት ወደ በሩ ሄዳ መቀርቀሪያውን ስትስበው አየሁ። አየር እንዲገባ መስሎኝ ነበር።

ሰገነቱ ላይ ሸራው በነፋስ እየተወጠረ ከእጃችን ይመነጨቃል። አባቴ ይጮሃል፣ አያቴ ማስጫ እየጎተተች ትራገማለች። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ በግንቡ ዳር ወደ መንገዱ አየሁ። እታለም መንገዱ መሐል ላይ ናት። በረዶው ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ እሷ እየሮጠ ነው፤ እሷ ግን ከጃንጥላው ወጥታ ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ በዝግታ ትራመዳለች። ከቤታችን ሰው በዝናብ ውስጥ ሳይሮጥ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ።

«አባዬ! እታለም እየረጠበች ነው!»

«ተያት እሷን! ሸራውን ያዢ!» አለ አባቴ።

ያዝኩ። ሁሉም ተሸፈነ፤ አንድ ማስጫ እንኳ አልረጠበም። ሸራው ሥር ተጠግተን፣ ውሃ ከፀጉራችን እየተንጠባጠበ፣ አያቴ አንድ በአንድ አየቻቸውና «ተመስገን! ምንም አልጠፋብንም» አለች። እናቴ ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች።

ለብዙ ጊዜ እታለም ያልተመለሰችው ስለረጠበች መስሎኝ ነበር። የረጠበ ነገር ወደ ሳጥን አይመለስም፤ ሕጉን አውቀዋለሁ። በዚያ ዓመት ወይኑን አያቴ ራሷ በጣቷ እየጨመቀች «እንዴት አምሮ ተጨማደደ!» እያለች አሳሸገችው። በብርዱ ወራት ሳጥኖቹ ሲከፈቱ አረንጓዴ ጠጉር አብቅለው ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አባቴ ሳይወድ በግዱ ፍሪጅ ገዛ። ሲበላሽ ማን እንደጠገነው አልናገርም፤ በነፃ መጠገኑን ግን አባቴ እስከ ዛሬ «ቤተሰብ ማለት እንዲህ ነው» እያለ ያወራል።

ባለፈው እታለም ቤት ሄጄ ነበር። ልጆቿ ከእኔ ቁመት አልፈዋል። ቆማ ሳህን ታጥባለች፤ እጆቿ ሻክረዋል፣ ቅባት ይዤላት ብሄድ ለጎረቤቷ ሰጠችው። ሲያስጨንቀኝ የኖረውን ያን ጊዜ ጠየቅኳት።

«ያን ቀን ዝናቡን አውቀሽ ነበር አይደል?»

«ከዋዜማው» አለች። «ደመናው ከማይምረው በኩል ነበር።»

«አባዬ ከበሩ ባይነሳስ ኖሮ?»

ሳህኑን አስቀመጠች። «እቀር ነበር» አለች። «ከእናንተ አንዱ እንኳ፣ አንቺም ብትሆኚ፣ ወይኑን ትቶ አጠገቤ ቢቆም እቀር ነበር። ለእሱም በዋዜማው ነግሬዋለሁ። ‹ታዲያ ጃንጥላውን ልያዝ ወይስ አልያዝ?› አለኝ ምስኪን።»

«ምን አልሽው?»

እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ሳቀች።

«‹አይዞህ፣ ያዝ› አልኩት። ‹እኔ አውቃቸዋለሁ›።»